የወንፈል ካልሲ

በኅዳር ወር 2067 ዓ.ም.፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በደብረ ብርሃን የሯጮች ሰፈር የማገገሚያ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ተገኝተው ነበር። ወጌሻዋ ሲስተር ትርሲት፣ አሰልጣኝ ልሳነወርቅ፣ ሯጩ አንዳርጌ፣ እና የአንዳርጌ ታላቅ እኅት እናኑ። የተሰበሰቡት የእናኑ ቁርጭምጭሚት አልድን ስላለ ነው።

ውጭ ውርጩ ገና ሣሩን አልለቀቀም። እናኑ ከምትሠራበት የጨርቅ ፋብሪካ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ ከጠባሴ ጀምሮ በእግሯ ነበር የመጣችው። አውቶብስ ጠፍቶ አይደለም። ማሽን ፊት ቆሞ የሚውል የቁም ሠራተኛ አውቶብስ ከተሳፈረ እግሩን አመመው ማለት ነውና ስሙ በማግስቱ አለቃው ዘንድ ይደርሳል። አንዳርጌ በመስኮት ሲያያት አላነከሰችም። ነገር ግን የግራ እግሯን መሬት ላይ የምታሳርፈው ትኩስ ምጣድ እንደሚነካ ሰው ነበር። ይህን አረማመድ የፋብሪካው በር ላይ ያለው ካሜራ አይለየውም። ወንድሟ ግን ለየው፤ ከመስኮቱም ዞር አለ።

ሰኞ የፋብሪካው የእግር ፈተና ነው። እያንዳንዱ የቁም ሠራተኛ በየእግሩ ተራ በተራ ይቆማል፣ ተረከዙን ያነሣል፣ ያወርዳል። ያልቻለ ከመስመሩ ይወጣል። ተቀምጦ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ አንዳርጌ ገና ሳይወለድ ማሽኖች ወስደውታል፤ ስለዚህ ከቁም መስመር የወጣ ሰው ከፋብሪካው በር ወጣ ማለት ነው። ከበሩ የወጣ ደግሞ ከሠራተኞች መኖሪያ ይወጣል። እናኑ በዚያ መኖሪያ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሴት ልጇ ጋር ትኖራለች።

እሑድ ደግሞ የአንዳርጌ ማጣሪያ ነው።

የወንፈል ካልሲ ሁለት ነጠላ ነው። አንዱን የታመመው ያጠልቃል፣ ሌላውን የሚሠራለት ሰው ያጠልቃል። የሚሠራው ተረከዙን ሲያነሣ የታመመው ሰው ባት ይኮማተራል። የሚሠራው በአንድ እግሩ ሲቆም የታመመው ሰው ቁርጭምጭሚት ሚዛን ይለማመዳል። በምትኩ የታመመው ሰው ሕመም ወደሚሠራው ይሄዳል፤ ሁሉም ሳይሆን ሲሶው። ሯጭ ሩጫውን ይሮጣል፣ የሕክምናውን እንቅስቃሴ ሌላ ሰው ይሠራለታል። በሰፈሩ ውስጥ ይህን እንግዳ ነገር ነው የሚል አልነበረም።

ቀደም ባለው ጊዜ ሀብታሞች የድኻ እግር ይከራዩ ነበር ይባላል። ሕግ ከለከለው። አሁን የሚቻለው በወንፈል ብቻ ነው። ዘመድ ለዘመድ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይሠራል፤ የተሠራለትም ቀኑ ሲደርስ ለዚያው ለሠራለት ሰው በዚያው እግሩ ይመልሳል። አያቶቻቸው እርሻና አጨዳ የሚረዳዱበት ሥርዓት ነው። የተለወጠው እርሻው ብቻ ነው።

በሰፈሩ የምግብ አዳራሽ ጠዋት ቅንጬ ሲበላ ከጠረጴዛው በታች ተረከዞች ይነሡ ነበር። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል። ከላይ ሰው ያወራል፣ ማንኪያ ይንኳኳል። ከታች የሩቅ ሰዎች ይሠራሉ፤ እናት ከመንዝ፣ ሚስት ከሸዋ ሮቢት፣ አጎት ከአሰላ። ሯጮቹ የቤታቸውን ወሬ ከስልክ በፊት በእግራቸው ይሰሙ ነበር። ዳምጠው የሚባለው ቀልደኛ ሯጭ አንድ ጠዋት እግሩ ተፈናጥሮ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን የአንዳርጌን ቅልጥም መታው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ አይደለሁም፤ ሚስቴ ናት።»

«ምን አድርገሃት ነው?»

«ምንም! ትናንት በስልክ ‹እናትሽ ገና እኛው ቤት ናቸው?› ብዬ ብጠይቅ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። የዳምጠው እግር ግን ሁለተኛ ተፈናጠረ።

የእናኑ አሠራር በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ሽቅብ አንድ ትንፋሽ፣ ቁልቁል ሦስት ትንፋሽ። ዳምጠው ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ የአንዳርጌን ተረከዝ አየና «ይቺ እኅትህ ታቦት ነው እንዴ የምታወርደው?» አለ። አንዳርጌ በዚያን ጊዜ ኩራት ተሰማው። ቁርጭምጭሚቱን ያመመው ውርጭ በመታው መሬት ላይ ሲሮጥ ዞሮበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቀ ጠፍር ይገትረው ነበር። ሌሎች ሯጮች እንዲህ ያለ ሕመም ይዘው አንድ ዓመት ሲጎተቱ እናኑ በሰባት ወር አዳነችው።

በእነዚያ ወራት አንድም ጠዋት አልጎደለችም። በግንቦት ልጇን ያሳደጉላት ጎረቤቷ እማማ የሺ ሞቱ። አንዳርጌ መርዶውን ሲሰማ ዛሬስ አትሠራም ብሎ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ረፋዱ ላይ ባቱ መኮማተር ጀመረ። አንድ ትንፋሽ ሽቅብ፣ ሦስት ቁልቁል። ኋላ እንደ ሰማው ከለቀስተኛው ድንኳን ጀርባ ቆማ፣ የድንኳኑን ገመድ በአንድ እጇ ይዛ ነበር። በዚያ ቀን ሥራዋ አልጎደለም። በየመሐሉ ግን ባቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሰች እንደምትሠራ በእግሩ ዐወቀ።

እሱ ዳነ። ክረምቱ ሲወጣ እሷ ታመመች። ቀኑን ሙሉ በሲሚንቶ ላይ የሚቆም እግር፣ በዚያ ላይ ሰባት ወር የሰው ሕመም የተቀበለ እግር፣ መታመሙ አላስገረመም። ወንፈሉን የመመለስ ተራ የአንዳርጌ ሆነ።

መጀመሪያ ካልሲውን ያጠለቀ ጠዋት በእውነት ቆመ። በግራ እግሩ ብቻ ቆሞ ተረከዙን አነሣ። ሕመሟ መጣ። የመጣው ሲሶው ብቻ ነበር፤ ሲሶው ግን ግድግዳ አስያዘው። እናኑ ይህን ሦስት እጥፍ ይዛ በየቀኑ ከማለዳ እስከ ማታ ማሽን ፊት እንደምትቆም አሰበና ደነገጠ። ከማሰቡ በፊት ግን የደነገጠው ለራሱ ቁርጭምጭሚት ነበር።

አሰልጣኝ ልሳነወርቅ በዚያው ሳምንት ከልምምድ በኋላ ጠርቶት ነበር።

«ማን ይከልክልሃል? ሥራላት። እኅት ናት፤ ወንፈልም ወንፈል ነው። ብቻ ቁርጭምጭሚትህ ከደከመ በጊዜ ንገረኝ፤ ሌላ ሯጭ ልፈልግ።»

ሰፈሩ ውስጥ «ተቀምጦ ማረስ» የሚባል ነገር አለ። ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ ተረከዝህን ታነሣለህ፣ ታወርዳለህ። የሰውነትህ ክብደት እግርህ ላይ ስለሌለ አይደክምህም፤ ወደ አንተ የሚመጣው ሕመምም የቁንጫ ንክሻ ያህል ነው። ካልሲው የሚያየው የተረከዙን መነሣት ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ አረንጓዴ ያበራል። በተቀባዩ ሰው እግር ላይ ግን የሚደርሰው ሥራ አይደለም፤ የሥራ ጥላ ነው። ብዙዎቹ ሯጮች እንዲህ ያደርጉ ነበር። ማንም ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ አያወራም።

አንዳርጌ ሳምንቱ ሳይሞላ ተቀመጠ።

አታውቅም ብሎ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ የእኅቱን ድካም፣ ቁጣዋን፣ ለቅሶዋን ሳይቀር በባቱ ሲሰማ የኖረ ሰው፣ እሷ የእሱን መቀመጥ አትሰማም ብሎ አሰበ።

አሁን በማገገሚያው ክፍል ውስጥ ሲስተር ትርሲት የእናኑን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

«እዚህ ጋ?»

«ትንሽ።»

«እናኑ፣ እኔ የፋብሪካ ዘበኛ አይደለሁም። እዚህ ጋ?»

«ኧረ በማርያም ልቀቂኝ ሲስተር!»

አሰልጣኙ ሳቀ። ሲስተር ትርሲት አልሳቀችም። ግድግዳው ላይ የሚበራውን ሰሌዳ ቀና ብላ አየች። ሦስቱም ሳምንት አረንጓዴ ነበር።

«ሦስት ሳምንት ተሠርቶለታል። መሻል ነበረበት። ብሶበታል» አለች። ከዚያ ወደ አንዳርጌ ዞረች። «አንተ ነህ የምትሠራው?»

«አዎ።»

«ቆመህ?»

አንዳርጌ የእኅቱን ጫማ አየ። ተረከዙ በአንድ በኩል ተበልቷል።

«አዎ ሲስተር» አለ።

«አንቺስ፣ ሲሠራልሽ ምን ይሰማሻል?»

አንዳርጌ ጆሮው ሲግል ተሰማው። እናኑ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ደኅና ይሠራል። ጎበዝ ነው» አለች።

«እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሠሪው አልሠራም፣ ወይ ተቀባይዋ አላረፈችም።»

አሰልጣኝ ልሳነወርቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንፈል የሰረቀ ዓመት ሙሉ ከውድድር እንደሚታገድ ሁላችንም እናውቃለን። የእኔ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም።»

ይህን ሲል አንዳርጌን አላየውም። መስኮቱን ነበር የሚያየው።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች እናኑ ቶሎ ብላ። «አላርፍም ሲስተር። ከፋብሪካው እንደወጣሁ ገበያ አለ፣ ደረጃ አለ፣ ልጅ አለች። እግሬን ሰቅዬ ተቀምጬ አላውቅም።»

ሲስተር ትርሲት ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያም ለሰሌዳው «ተቀባይዋ አታርፍም» ብላ ተናገረች፤ ሰሌዳውም ቃሏን ተቀበለ። የወጌሻ ቃል ነውና ይቀበላል።

«ስሚኝ» አለች። «እስከ ሰኞ ድረስ ሦስት ጠዋቶች አሉን። ማታ ማታ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ። እሱ በደንብ ከሠራልሽ ፈጽመሽ ባትድኚም ለፈተናው ለመቆም ያህል ይበቃሻል። አንተም ስማ። ከሰዓቱ አይጉደል፣ ከሰዓቱ አይብለጥ። ጅማት እንደ ቆዳ ነው፤ ቀስ እየተባለ ይለፋል። የቸኮለ ይቀድደዋል።»

«እሺ ሲስተር» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ፣ በልጅነታቸው ለእናታቸው ይመልሱ እንደነበረው።

አንዳርጌ እኅቱን እስከ ሰፈሩ በር ሸኛት። ውርጩ መሟሟት ጀምሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። በጎን በኩል ሯጮች አንዱ በሌላው ዱካ እየረገጡ በሰልፍ አለፉ፤ ዳምጠው ከሰልፉ ውስጥ ሆኖ «እናኑ! ታቦቱ ገባ ወይ?» ብሎ ጮኸ። እጇን አወዛወዘችለት።

«እታለም፣ ለምን እንደዚያ አልሽ?» አለ አንዳርጌ።

«ምን አልኩ?»

«አላርፍም አልሽ።»

«አላርፍማ። መቼ ዐርፌ ዐውቃለሁ?» ብላ ሳቀች። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ወደ እሱ ሳትዞር «ወንበሩ ይመችሃል?» አለችው።

«የቱ ወንበር?»

«እኔ እንጃ፣ አላየሁት። ስትቀመጥ ጉልበትህ ይታጠፋል። እኔ ጋ የሚደርሰው ገለባ ነው።»

አንዳርጌ ቆመ። እሷም ቆመች። መሬት ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ ነበር፤ መሬቱ ግን ጭቃ ብቻ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከተቀመጥክበት ጠዋት ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ወንፈል የመጣን ሰው ጎንበስ ብለህ እረስ ይሉታል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«ሲስተር ስትጠይቅሽስ?»

«ውድድርህን ላሳጣህ? ታዲያ ሰባት ወር የቆምኩት ለምን ሆነና?» ነጠላዋን አጣፋች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ለአንዳርጌ ይሻለው ነበር። «በል ሂድ፣ ብርድ እንዳይመታህ። ነገ ግን ቁምልኝ አንዱዬ። ሌላ ምንም አልልህም። ብቻ ቁምልኝ።»

ወደ ጠባሴ በእግሯ ሄደች። ካሜራ በሌለበት መንገድ ላይ ስትሆን አነከሰች።

ዓርብ የሯጮቹ ዕረፍት ነው። አንዳርጌ ገና ሳይነጋጋ ተነሥቶ የልምምድ ዕቃ ወደሚቀመጥበት ክፍል ገባና በሩን ዘጋ። በክፍሉ ውስጥ የነበረውን አንድ ወንበር ወደ ውጭ አወጣው። ካልሲውን አጠለቀ። በግራ እግሩ ብቻ ቆመ።

ሽቅብ አንድ ትንፋሽ፣ ቁልቁል ሦስት። እንደ እሷ አድርጎ ነበር የሠራው። ሕመሟ መጣ፤ እንዲመጣበት ፈልጎ ነበር። ጥርሱን ነከሰና ተቀበለው። ዕድሜውን ሙሉ ሕመምን ሲሸሽና ሲደብቅ የኖረ ሰው፣ በዚያ ጠዋት ሕመሙ በበዛ ቁጥር ደረቱ ውስጥ የነበረው ድንጋይ የቀለለ መሰለው።

ሰዓቱ ሲሞላ ካልሲው አረንጓዴ አበራ። ማቆም ነበረበት። የሲስተር ትርሲትን ቃል አልረሳውም። ነገር ግን ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ያሳለፈ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ዕዳውን እንዴት ይወጣል? ያልሠራውን ሁሉ ሊሠራ ፈለገ። ለሲስተር ትርሲት ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ይደረግ ይሆናል፤ ከተናገረ ግን እሑድ የለም። ስለዚህ ከመናገር በቀር ሁሉንም ለማድረግ ቆረጠ።

ቀጠለ። ፀሐይ በበሩ ሥር ገባች። በምግብ አዳራሹ ቁርስ ተበልቶ አለቀ። የእናኑ ፈረቃ የሚጀምርበት ሰዓት አለፈ፤ እግሯ ሲሚንቶ ላይ እንደቆመ ከሚመጣው ሕመም ለየው፤ ከላይ የራሷ ክብደት፣ ከውስጥ የእሱ ሥራ። ከበዛባት ታወልቀዋለች ብሎ አሰበ። ካልሲ ማውለቅ የአፍታ ሥራ ነው። አላወለቀችም። አለማውለቋን እንደ ምርቃት ቆጠረው።

ረፋዱ ላይ ሕመሙ ድንገት እስከ ጉልበቱ ወጣ። ከዚያም ጠፋ። ጭራሹን ጠፋ።

አንዳርጌ ዳነች ብሎ አሰበ። ግድግዳውን ተደግፎ ላቡን ጠረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ ፈገግ አለ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና ቁርስ የተረፈ እንደሆነ ሊጠይቅ ሄደ።

ከምሳ በኋላ እናኑ ደወለች።

«እታለም! እንዴት ሆነልሽ?»

«ወደቅሁ» አለች።

ማሽኑ ፊት ቆማ ሳለች ጅማቷ እንደ ገመድ ጧ ብሎ ተበጥሶ ነበር። ድምፁን አጠገቧ ያለችው ሴት ሰምታዋለች። የፋብሪካው ነርስ ካልሲውን በመቀስ ቆርጣ አወጣችው።

«ለምን አላወለቅሽውም?» አለ አንዳርጌ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን እንደ ልጅ ድምፅ ወጣ። «ሲበዛብሽ ለምን አላወለቅሽውም እታለም?»

«ምን ብዬ ላውልቀው? ሦስት ሳምንት ስጠብቅህ መጣህ። የመጣን ሰው በቃህ ሂድ እለዋለሁ? መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። አጠገቤ ላለችው ልጅ ‹ወንድሜ ዛሬ ቆሟል› ብዬ ነገርኳት።»

አንዳርጌ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። እናኑ «በርታ እሺ» አለችና ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት በቁርስ ሰዓት አሰልጣኝ ልሳነወርቅ አዳራሹ መሐል ቆሞ በማንኪያ ብርጭቆ መታ። የሰፈሩ ሰሌዳ በየሳምንቱ ወንፈሉን አብልጦ የመለሰ ሯጭ ካለ ስሙን ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣ ስም የለም።

«አንዳርጌ» አለ አሰልጣኙ። «ትናንት ሌላው ሲተኛ ይህ ልጅ ለእኅቱ ከሚጠበቅበት አራት እጥፍ ሠርቷል። ተመልከቱ፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ ነው። ማጣሪያው ነገ ሆኖ ሳለ! ሰው ማለት እንዲህ ነው። አጨብጭቡለት።»

አጨበጨቡለት። ዳምጠው ጠረጴዛውን ደበደበ። አንዳርጌ ቅንጬው ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ ፊቱ እንደ እሳት ነደደ። ጭብጨባው ሲያበቃ ተነሣ። ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም፤ ትምህርት ቤት ሳለ እንኳ ስሙ ሲጠራ የሚመልሰው በእጁ ነበር።

«ተቀምጬ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ሦስቱን ሳምንት። ለእኅቴ የሠራሁት ተቀምጬ ነው። ትናንት ደግሞ... ትናንት ጅማቷን በጠስኩት።»

ዳምጠው ብቻ ሳቅ አለ፣ ቀልድ መስሎት ነው፤ ከዚያ የአንዳርጌን ፊት አየና አፉን ዘጋ። ማንም ማንንም አላየም። ሁሉም ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ከጠረጴዛዎቹ በታች ተረከዞች መነሣታቸውን፣ መውረዳቸውን ቀጠሉ።

«ተቀመጥ» አለው አሰልጣኙ በቀስታ። «ደክሞሃል።»

አንዳርጌ አልተቀመጠም። በቀጥታ ወደ ማገገሚያው ክፍል ሄደ። ሲስተር ትርሲት ወሬውን ከፋብሪካው ሰምታ ነበር። የሚናገረውን ሁሉ ሳታቋርጠው ሰማች። ሲጨርስ ወንበር ሳበችለት፤ እሱ ግን ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻለም።

«አምንሃለሁ» አለች።

«እንግዲያው አሳግጂኝ። የሐሙሱንም አርሚው፤ አታርፍም ያልሽውን።»

ሲስተር ትርሲት ወደ ሰሌዳው ዞራ አንዳርጌ ያለውን ደግማ ተናገረች። ሰሌዳው አሰበ። አልተቀበላትም። እንደገና ተናገረች፤ አሁንም አልተቀበላትም።

«ካልሲው ሠርቷል ይላል» አለች። «የወጌሻ ቃል የሚቀበለው ካልሲው ከሚለው ጋር ሲስማማ ነው። ሐሙስ ዕለት እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ እግሯን በእጄ ይዤ ስለነበር ወንበር ላይ አስቀምጬ እያሠራሁህ ሥራው እግሯ ላይ እንደማይደርስ ለሰሌዳው አሳየው ነበር። አሁን የምለካበት እግር የለኝም። በጥሰኸዋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አለች። ተቆጥታ አልነበረም። የሚቀጥለው በሽተኛ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዳርጌ ለእናኑ ደወለ። ነገ እንደማይሮጥ ነገራት። ማንም ባያግደው ራሱን እንደሚያግድ ነገራት። ይህን ሲናገር ድምፁ ጠንከር አለ፤ በቀኑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሆነ መሰለው።

በስልኩ ውስጥ የእናኑ ልጅ ሳህን ስታጥብ ይሰማ ነበር።

«እንደሱ አታድርግ» አለች እናኑ።

«ኅሊናዬ እሺ አይለኝም እታለም።»

«ኅሊናህን እኔ ምን ላድርገው? የእኔ እግር ተበጥሷል። አንተ ካልሮጥክ ይቀጠልልኛል?» ብላ ተነፈሰች። «እኔስ አንድ የቆምኩለት ነገር አለኝ፤ እሱም አንተ ነህ። እሱንም ልትወስድብኝ ነው? እንዳታፍር ብለህ?»

አንዳርጌ እውነቷን ይሁን፣ እሱን ነፃ ልታወጣው ይሁን መለየት አልቻለም። በፊት ቢሆን በእግሩ ይሰማው ነበር። አሁን ካልሲ የለም፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው።

«እሺ» አለ።

«እሺ ምን?»

«እሺ፣ እሮጣለሁ።»

«ጎሽ» አለች እናኑ። ከዚያ ልጇን ውሃውን እንድትዘጋ ነገረቻት።

አንዳርጌ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ደረቱ ውስጥ ቀለል ያለው ነገር ነበረ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም። እሺ ከማለቱ በፊት ሩጥ እንድትለው እየጠበቀ ነበር።

እሑድ ጠዋት ማጣሪያው ተካሄደ። አንዳርጌ ሮጠ፣ ሦስተኛ ወጣ፣ ተመረጠ። ሰኞ እናኑ በአንድ እግሯ መቆም ስላልቻለች ስሟ ከቁም መስመር ወጣ፤ ረቡዕ ልጇን ይዛ የፋብሪካውን ቤት ለቀቀች።